ባል ሲሞት መሬቱ የማን ነው?
የእናቶቻችን የመሬት ሙግት፤ ከአፍ ምስክር እስከ ደብተር

“በሚስትና በርስት ዋዛ የለም” ይላል የአገራችን ሰው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው ቆም ብለን አናስበውም እንጂ ተረቱን የሚናገረው ወንድ ነው። ሚስትም የሱ፣ ርስትም የሱ፤ ስለ ሁለቱም የሚነሳው እሱ ነው። ታዲያ ባልየው የሞተ ዕለትስ? ሌላ ሰው መጥቶ ድንበሩን ሲገፋ “ዋዛ የለም” ብላ የምትነሳው ማን ናት? ሚስትየዋ ናታ! ተረቱ ግን ስለሷ አንድም ነገር አይልም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባል የሞተባት ሴት የቤተሰቧን መሬት በሕግ የምትከላከልበት መንገድ በኛ አካባቢ ከጥንት እስከ ዛሬ እንዴት እንደተለወጠ ማስረዳት ነው። ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። መንግሥታትም ተለዋውጠዋል። ዳኛው የሚጠይቃት ጥያቄ ግን ያው ነው፤ “ማስረጃሽ ምንድን ነው?” ይላታል። መብት ያላት ሴት ሁሉ ስትረታ አልኖረችም። የረታችው መብቷን የምታሳይበት ነገር በእጇ ያላት ናት። ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ዙሪያ ስለሆነ እስቲ ከመሬቱ እንጀምር።

እንፍራንዝና አካባቢው

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በመኪና የተጓዘ ተማሪ እንፍራንዝን ያውቃታል። ማክሰኝት ከታለፈ በኋላ፣ አዲስ ዘመን ሳይደረስ የምትገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ከፍ ብሎ ኮረብታው ላይ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት የጉዛራ ግንብ ቆሟል። ዝቅ ሲባል ሜዳው ወደ ጣና ይወርዳል። ነገሥታቱ ጎንደር ላይ ከመርጋታቸው በፊት ይህን አካባቢ የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃውም መሬቱም እዚህ ነው።

መሬቱ ጥሩ በሆነበት ቦታ ሙግቱም ብዙ ነው። የወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ለግማሽ ቀን ቁጭ ያለ ሰው “ድንበር ገፋኝ”፣ “የእኩል ሰጥቼው አልለቅም አለኝ”፣ “የአባቴ ድርሻ” የሚሉ ቃላትን ሳይሰማ አይመለስም። በጣና ዳር ደግሞ ውሃው ሲሸሽ የሚወጣው መሬት የማን ነው የሚለው ራሱን የቻለ ጭቅጭቅ ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ባል የሞተባት ሴት ከሌላው ሰው የተለየ ችግር አለባት። በባህላችን ሴት ሞፈር አትይዝም። ባሏ ሲሞት ጎልማሳ ልጅ ከሌላት መሬቷን ለሌላ ሰው የእኩል ትሰጣለች። እኩል አራሹ ብዙ ጊዜ የባሏ ወንድም ወይም የቅርብ ዘመድ ነው። አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት፣ አምስት ክረምት ያርሳል። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ እሱን ማሳው ላይ ሲያይ የኖረ ስለሆነ “እገሌ የሚያርሰው መሬት” የነበረው ቀስ በቀስ “የእገሌ መሬት” ይባላል። ብዙ ሙግት የሚወለደው በዚህ ዓይነት ነው።

በርስት ዘመን

ከ1967 ዓ.ም. በፊት የነበረው የርስት ሥርዓት ለሴት ልጅ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አልነበረም። ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል። በ1950ዎቹ በጎጃም ዳሞት ያጠናው አሜሪካዊው አላን ሆቤን በዝርዝር እንዳሳየው፣ የአንድ አቅኚ አባት ተወላጅ መሆኑን ያስመሰከረ ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። ቁልፉ “ማስመሰከር” የሚለው ቃል ነው። የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች በሌሉበት ርስት የለም።

ለሚስት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሴት ልጅ ከአባቷና ከእናቷ ትወርሳለች እንጂ ከባሏ ርስት አትወርስም። የባሏ ርስት የሚተላለፈው ለልጆቿ ነው። ስለዚህ ባል ሲሞት እናት የምትሟገተው አብዛኛውን ጊዜ በራሷ መብት ሳይሆን በልጆቿ ስም፣ እንደ ሞግዚት ሆና ነበር። ልጅ ያልወለደች ከሆነ ደግሞ በሰማንያ ውሏ መሠረት አብረው ያፈሩትን ተካፍላ መውጣት ነው።

ይህ ሲባል ግን የጥንት ሴቶች ችሎት አያውቁም ማለት አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ በጎንደርና በቤጌምድር ከ1750ዎቹ እስከ 1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለነበሩ ሴቶች፣ ንብረትና ሙግት አጥንተዋል። ምንጫቸው ምን መሰላችሁ? በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የተጻፉ የመሬት ሽያጭ፣ የስጦታና የሙግት ማስታወሻዎች ናቸው። በነዚያ ማስታወሻዎች ውስጥ ሴቶች እንደ ሻጭ፣ እንደ ገዢና እንደ ተሟጋች ስማቸው ተመዝግቦ ይገኛል። እንፍራንዝም የዚሁ የቤጌምድር አካል ነበረች።

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” የሚባለው ለዚህ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የነዚያን ሴቶች ስም ያተረፈው የጸሐፊው ብዕር ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ዕድል የደረሰው ግን በአብዛኛው ለባላባቶችና ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ ለሆኑ ቤተሰቦች ነው። ተራዋ ገበሬ ሴት ያላት የጎረቤት አፍ ብቻ ነበር።

የጎንደሯ እናት ሙግት

አሁን ወደ አንዲት ሴት ታሪክ እንምጣ። ወይዘሮ የተመኙ በ1908 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ተወለዱ። ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ በሁለት አሥርት ዓመት ያህል ለሚበልጧቸው ለቅኔ አዋቂው ካህን ለአለቃ ፀጋ ተዳሩ። አለቃ ፀጋ የጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን አለቃ እስከመሆን የደረሱ ሰው ናቸው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግን ታሰሩ፣ ከእስርም በሕይወት አልተመለሱም።

በትዳር ዘመናቸው አብዛኛውን ጊዜ ከግቢ የማይወጡት እመቤት በአንድ ጊዜ የቤቱ ኃላፊ ሆኑ። ባላቸው እንደታሰሩ አዲስ አበባ ድረስ ተጉዘው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት ብለዋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ደግሞ ለልጆቻቸው መሬትና ንብረት ሲሉ ለዓመታት ችሎት ለችሎት ተመላልሰዋል። የሙግት ቋንቋ ያልተማሩ ሴት ሙግትን ተማሩ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ለማወቅ የቻልነው የልጅ ልጃቸው ጋዜጠኛ ስለሆነች ነው። በእንግሊዝ አገር ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የምትሠራው አይዳ እደማርያም የአያቷን ወግ በአማርኛ ለዓመታት ስታዳምጥና ስትቀዳ ቆይታ በ2018 እ.ኤ.አ. “ዘ ዋይፍስ ቴል” በሚል ርዕስ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተመች። መጽሐፉ በ2019 እ.ኤ.አ. የኦንዳቼ ሽልማትን አግኝቷል። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይሄ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አያቶቻችን ቤት ቁጭ ብለው የሚያወሩት “የድሮ ነገር” የአንድ ዘመን የፍርድ ቤት ታሪክ ሊሆን ይችላል።

የወይዘሮ የተመኙ ሙግት የሚያስረዳን ምንድን ነው? በዚያ ዘመን የነበረው ሥርዓት ባል ለሞተባት ሴት ይህ ነው የሚባል የተጻፈ ከለላ አልሰጣትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ባልን ወይም ሚስትን በሕግ ወራሾች ተራ ውስጥ አላስገባም። የጋራ ንብረት ግማሹ የሷ ነው፤ የሟች ድርሻ ግን ወደ ልጆች ወይም ወደ ሟች ዘመዶች ይሄዳል። ስለዚህ እንደሳቸው ላለች ሴት የቀራት መሣሪያ ደጅ መጥናት፣ ምስክር መቁጠርና አለመሰልቸት ነው። ስንቅ የሌላት፣ አዲስ አበባ ዘመድ የሌላት፣ አለቃ ባል ያልነበራት የእንፍራንዝ ሴት ያን ያህል መመላለስ ትችል ነበር ወይ? አይመስለኝም።

መሬት ለአራሹ ለሴቷስ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ርስትንም ጉልትንም ሻረ። ብዙ ሰው አዋጁን የሚያስታውሰው በ10 ሄክታር ጣሪያውና ባላባቱን በማስወገዱ ነው። አዋጁ ግን ለኛ ርዕስ ትልቅ የሆነ ሌላ ነገር ነበረበት። መሬት ሲሰጥ የፆታ ልዩነት አይደረግም አለ። ባለይዞታው ሲሞት ደግሞ መሬቱን የመጠቀም መብት በቅድሚያ ለሚስቱ ወይም ለባሏና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ይሁን አለ። በርስት ዘመን የባሏን መሬት መውረስ የማትችለው ሚስት በአንድ አዋጅ ወደ ፊት መጣች።

ነገር ግን ወረቀቱ ሌላ፣ አፈጻጸሙ ሌላ ሆነ። መሬቱን የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበር ሲሆን፣ ማኅበሩ የሚመዘግበው የቤት አባወራን ነበር። ስለዚህ ባል እያለ ስሟ የለም። ባል ሲሞት ስሟ እንዲገባ የማኅበሩ ሊቀመንበር በጎ ፈቃድ ያስፈልጋታል። አሁንም ያው “ማስረጃሽ ምንድን ነው?” መጣ።

ደብተሩ የለወጠው

በ1987 ዓ.ም. የፀደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 7 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተዳደር፣ በመቆጣጠርና በማስተላለፍ፣ እንዲሁም በውርስ ከወንዶች ጋር እኩል መብት አላቸው ይላል። በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ግን ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። ይህ ትልቅ መርህ ነው። መርሁ መሬት ላይ የወረደው ግን በሌላ ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በመሬት ደብተር ነው።

በክልላችን የገጠር መሬት ምዝገባ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጀመረ። አሠራሩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ሕዝቡ የቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ይመርጣል። ኮሚቴው አዋሳኞች ባሉበት ማሳ ለማሳ እየዞረ ይመዘግባል። ውጤቱ ለሕዝብ ይቀርብና ቅሬታ ያለው ይናገራል። በመጨረሻ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጣል። መሬቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ የሁለቱም ስም ይጻፋል፣ ፎቶግራፋቸውም ይለጠፋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456ም የጋራ ይዞታ ደብተር በሁሉም ባለይዞታዎች ስም መዘጋጀት አለበት ብሎ ደነገገ። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ሲተካ፣ የክልሉ አዋጅ ቁጥር 133/1998 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተክቷል። የጋራ ስም የሚለው መርህ ግን እንደቀጠለ ነው።

የፎቶው ነገር ቀላል ሊመስል ይችላል። በትግራይ በ1990 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው የመጀመሪያ ምዝገባ ወረቀቱ የተሰጠው በቤቱ ኃላፊ ስም ብቻ ነበር። ልዩነቱን አስቡት። በአንደኛው ባል ሲሞት ሚስት “እኔም ነበርኩበት” ብላ ማስረዳት አለባት። በሌላው ፊቷ ራሱ ደብተሩ ላይ አለ፤ ማስረዳት ያለበት ካደው ሰው ነው። በሕግ ቋንቋ የማስረዳት ሸክሙ ከሷ ትከሻ ወደ ተቃዋሚው ዞረ ይባላል።

የዛሬዋ ባለጉዳይ

ታዲያ ደብተር ካለ ሙግቱ አለቀ ማለት ነው? የለም። እስቲ አንዲት የእንፍራንዝ አካባቢ እናትን በምሳሌ እንውሰድ። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። የባሏ ወንድም “መሬቱ የወንድሜ ነው፣ ከጋብቻችሁ በፊት የያዘው ነው” ብሎ ማሳው ውስጥ ገባ። ምን ታደርግ?

በመጀመሪያ የሷን ድርሻና የሟችን ድርሻ መለየት ያስፈልጋል። ባለማወቅ ብዙ ሴቶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። የጋራ የሆነው መሬት ግማሹ ከመጀመሪያውም የሷ ስለሆነ ውርስ ውስጥ አይገባም። በውርስ የሚከፈለው የሟች ድርሻ ብቻ ነው፤ እሱም የመሬት ሕጉ በሚያስቀምጠው ቅደም ተከተልና በኑዛዜ ይሄዳል። በቤተሰብ ሕጉ ደግሞ በትዳር ውስጥ የሚገኝ ንብረት፣ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ፣ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። “የብቻው ነበር” የሚለው የባል ወንድም እሱ ያስረዳ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሚስት መሆኗን ማስረዳት አለባት። የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሌላት እናት ብዙ ናት፤ በሽማግሌ ፊት ወይም በቤተ ክርስቲያን ተጋብታ ሃያ ዓመት የኖረች። ሕጉ ለዚህ መላ አለው። እንደ ባልና ሚስት አብረው መኖራቸውና ሰው እንዲሁ ብሎ የሚያውቃቸው መሆኑ በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ነው። ይዞታዋ ውስጥ ሰው ሲገባባት “ሁከት ይወገድልኝ” ብላ የምትከስበት መንገድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 አለ። ግን ሁከቱ በተፈጠረ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለ ውርስ የሚናገረው ቁጥር 1000 ደግሞ የ3 ዓመት ገደብ አለው። ይህ ገደብ ለገጠር መሬት እንዴት ይሠራል የሚለው በየፍርድ ቤቱ የሚያከራክር ስለሆነ በሱ ተማምኖ መቆየት አደገኛ ነው። “ዘመድ ስለሆነ ልታገሠው፣ ሽማግሌ ይየው” እያለች ዓመት የምታሳልፍ እናት ሳታውቀው መብቷን እየጣለች ሊሆን ይችላል። ሽምግልናው ጥሩ ነው፤ አዋጁም ቢሆን ተከራካሪዎች አስቀድመው በስምምነት እንዲጨርሱ ያበረታታል። ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ለቀበሌው ኮሚቴም ይድረስ።

አራተኛ፣ ፍርድ ቤቱ ነው። ክሱ በወረዳ ፍርድ ቤት ይጀምራል። ይግባኝ ወደ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ወደ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ደግሞ እስከ ሰበር ሊደርስ ይችላል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል። ይህ ጥሩ ነው፣ ግን ከእንፍራንዝ አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ወይዘሮ የተመኙ የሄዱበት መንገድ ዛሬም ለብዙ ሴት ያው ነው፤ የትራንስፖርት፣ የጠበቃ፣ የማመልከቻ ማጻፊያ ገንዘብ ይጠይቃል። ለዳኝነት መክፈል የማትችል ሴት “በደሃ ደንብ” እንድትከስ ልትፈቀድላት እንደምትችል እንኳ የሚነግራት ሰው ላይኖር ይችላል። ነገሩ እስኪወሰን ተቃዋሚዋ መሬቱን እንዳያርስ ወይም እንዳያስተላልፍ እግድ መጠየቅም ትችላለች።

አምስተኛ፣ ደብተሩም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ግን በሌላ ጠንካራ ማስረጃ ሊስተባበል ይችላል። ሲመዘገብ ስሟ ተዘሎ ከሆነ፣ ወይም ባሏ ሲሞት መዝገቡን ሳታስተካክል ከቆየች ደብተሩ በሷ ላይ ምስክር ሊሆንባት ይችላል። በቅርብ ዓመታት በክልላችን በነበሩት ጦርነትና ግጭቶች ባል ያጡ እናቶች በርካታ ናቸው። በችግር ጊዜ ወረቀት ይጠፋል፣ ቢሮ ይዘጋል። የነዚህ እናቶች የመሬት ጉዳይ ነገ ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት መድረሱ አይቀርም።

እኛስ?

አንዱ ድርሻችን የሙያ ነው። ስለ መሬት ክርክር ዜና ስንሠራ “አንዲት እናት መሬታቸውን ተቀሙ” ብሎ ማስለቀስ ቀላል ነው። ከባዱ ደብተሩን ማየት፣ በማን ስም እንደሆነ መጠየቅ፣ የሷና የሟች ድርሻ መለየቱን ማጣራት፣ የወንድሙንም ቃል መስማት ነው። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ከተያዘ ደግሞ ፈርደን አንጻፍ። ያለ ሰነድ የተሠራ ዜና ለባለጉዳይዋም አይጠቅማትም፤ ተቃዋሚዋ በቀላሉ ያስተባብለዋል።

ሌላው ድርሻችን የልጅነት ነው። በዚህ ዲፓርትመንት ውስጥ ካለነው ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። የሞባይል ካርድ የምንሞላው እናታችን የሸጠችው እህል ገንዘብ ነው። እሷ ፊደል ላትቆጥር ትችላለች፤ እኛ ግን አዋጅ ማንበብ እንችላለን። ስለዚህ ለፋሲካ አገር ቤት ስንገባ ደብተሩን ከሳጥን አስወጥተን እናንብብላት። ስሟ በትክክል ተጽፏል ወይ? የማሳው ቁጥርና አዋሳኙ ልክ ነው ወይ? አባታችን ካረፉ መዝገቡ ተስተካክሏል ወይ? የእኩል የሰጠችው መሬት ካለ ውሉ በጽሑፍ ነው ወይስ በአፍ? ቅጂ አንስተን ሌላ ቦታ እናስቀምጥላት። ችግር ከተገኘ ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤቶች፣ የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ፣ ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጡ ቆይተዋልና እዚያ መጠየቅ ይቻላል።

ይህን የምናደርገው አባታችን በሕይወት እያሉ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ደብተር መፈለግ ለእናትም ከባድ ነው፣ ለዘመድም ነገር መጫሪያ ነው። ሰላም ግቡ።